ከጎዳና የተረፈች ልጅ በጓዳ እንዳትጠፋ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚያቀናውን የአምቦ መንገድ ማለዳ የተጓዘ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ከሆለታ ጀምሮ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር አድርጎ እስከ ጌዶና ባኮ በሚዘልቀው ጎዳና ዳር፣ ጭጋጉ ከማሳው ላይ ሳይነሣ፣ ልጃገረዶች ልምምድ ሲሮጡ ይታያሉ። አንዳንዷ የረባ ጫማ የላትም። አንዳንዷ ከሩጫው መልስ ውኃ ቀድታ፣ ቤት ጠርጋ ነው ወደ ትምህርት ቤት የምትሄደው። የሁሉም ልብ ግን ሩቅ አገር ነው።

ይህ ምኞት ከሜዳ ተነሥቶ የመጣ አይደለም። በዚሁ መንገድ ላይ የምትገኘው ሆለታ ትዕግሥት አሰፋን አፍርታለች። ትዕግሥት መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በበርሊን ማራቶን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ በጊዜው የነበረውን የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ አሻሽላለች። ከጊንጪ በስተሰሜን ካለው ከጀልዱ ደጋ የወጣው ፈይሳ ሌሊሳም በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ የማራቶን የብር ሜዳሊያ አግኝቷል። እንግዲህ የምዕራብ ሸዋ ልጅ «እኔስ ለምን አልሆንም?» ብትል ማን ይፈርድባታል?

እናት ግን ትሰጋለች። ጨለማው ሳይገፍ ከቤት የወጣችው ልጅ መኪና እንዳይገጫት፣ ጅብ እንዳያገኛት፣ ክፉ ሰው እንዳይጠልፋት ትጨነቃለች። ታናሽ ወንድሟን አብሮ ይልካል፤ ከጎረቤት ልጅ ጋር ያጣምራል፤ ተመልሳ በሩን እስክትከፍት ድረስ የእናት ጆሮ ከደጅ አይነቀልም። ይህ ሥጋት ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በምሥራቅ አፍሪካ ሴት አትሌቶች ላይ የደረሰውን ስንመረምር፣ አደጋው ዓይናችንን ከጣልንበት ጎዳና ይልቅ ጀርባችንን በሰጠነው ጓዳ ውስጥ ሲያደባ እናገኘዋለን። የዛሬው ጽሑፋችንም የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው።

ከልጆቻችን ጎን የቆመችው አግነስ

አግነስ ቲሮፕ ኬንያዊት ናት። ይሁንና ውድድር የሚከታተል ኢትዮጵያዊ ሁሉ መልኳን ያውቀዋል፤ ምክንያቱም ሜዳሊያ በተሸለመችበት መድረክ ሁሉ አጠገቧ የኛ ልጅ ነበረች።

መጋቢት 19 ቀን 2007 ዓ.ም. በቻይናዋ ጉያንግ ከተማ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አግነስ በ19 ዓመቷ አሸነፈች። ከደቡብ አፍሪካዊቷ ተወላጅ ከዞላ በድ ቀጥሎ በዕድሜ ትንሿ ባለድል እርሷ ነበረች። ሁለተኛና ሦስተኛ ሆነው ከግራና ከቀኝ የቆሙት ሰንበሬ ተፈሪና ነፃነት ጉደታ ናቸው። በ2009 ዓ.ም. በለንደን የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺህ ሜትር አልማዝ አያና ወርቅ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ብር ሲወስዱ ነሐሱ የአግነስ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. በዶሃም እንዲሁ ለተሰንበት ግደይ ብር ስታገኝ አግነስ ነሐስ አጠለቀች። በ2013 ዓ.ም. የክረምት ወራት በቶኪዮ ኦሊምፒክ የ5 ሺህ ሜትር ውድድር ጉዳፍ ፀጋይ ሦስተኛ ሆና ስትገባ፣ ከኋላዋ አራተኛ ሆና የደረሰችው ይህችው ልጅ ናት።

በ2014 የአዲስ ዓመት ማግስት፣ መስከረም 2 ቀን፣ በጀርመኗ ሄርትሶገንአውራኽ ከተማ ለሴቶች ብቻ በተዘጋጀ የጎዳና ላይ ውድድር 10 ኪሎ ሜትሩን በ30 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ለ19 ዓመታት ሳይደፈር የቆየውን ሰዓት ያሻሻለችው በ28 ሰከንድ ነበር። በዚያው ቀን፣ በዚያው ጎዳና ላይ ሰንበሬ ተፈሪ በ5 ኪሎ ሜትር 14 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ በመግባት ሌላ ክብረ ወሰን አስመዘገበች። በጉያንግ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ሁለቱ ልጃገረዶች፣ ከስድስት ዓመት በኋላ እንደገና በአንድ ቀን በአንድ ከተማ ታሪክ ሠሩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር እንኳ በቅጡ አልቆየም። ጥቅምት 3 ቀን 2014 ዓ.ም. አግነስ ቲሮፕ የሯጮች መናኸሪያ በሆነችው በኢተን ከተማ በገዛ ቤቷ ውስጥ በስለት ተወግታ ሞታ ተገኘች። 26ኛ ዓመቷን ልትደፍን 10 ቀን ቀርቷት ነበር። ዘመድ ወዳጅ ለልደቷ ሊሰበሰብ ይችል በነበረበት በዚያው ዕለት ሥርዓተ ቀብሯ ተፈጸመ። ባሏ በማግስቱ በሞምባሳ ከተማ ተይዞ በነፍስ ግድያ ተከሰሰ፤ እርሱም ክሱን ክዶ ተከራክሯል። ፍርዱ የፍርድ ቤት ነው። እኛ ግን ከፍርዱ ውጭ ልናየው የሚገባን ሐቅ አለ። ይህች ወጣት በዓለም ዙሪያ በማታውቃቸው ከተሞች፣ በማታውቃቸው ጎዳናዎች ሮጣ በሰላም ተመልሳለች። ሕይወቷ ያለፈው በራሷ ቤት፣ በራሷ መኝታ ክፍል ነው።

ምን እንደቀረባት ለመረዳት አንድ ንጽጽር ይበቃል። የሆለታዋ ትዕግሥት አሰፋ ከአግነስ በአንድ ዓመት ታንሳለች። በበርሊን ዓለምን ጉድ ያሰኘችው በ26 ዓመቷ ነው፤ አግነስ ያልደረሰችበት ዕድሜ መሆኑ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ወርቅ ካገኘች በኋላ ወልዳ፣ ልጅ አሳድጋ፣ በ1993 መባቻ በሲድኒ እንደገና ወርቅ አጥልቃለች፤ የኒውዮርክ ማራቶንን በ2002 ዓ.ም. ስታሸንፍ ደግሞ 37 ዓመቷ ነበር። ረጅም ርቀት የትዕግሥት ሥራ ነው። የ25 ዓመት ሯጭ ገና አዝመራዋን አልሰበሰበችም።

ነገሩ የአንዲት ልጅ ብቻ አይደለም

የአግነስ ቤተሰብ ሐዘን ሳይወጣ፣ በ2014 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በዚያችው በኢተን ሌላ አስከሬን ተገኘ። ለባህሬን የምትሮጠው ትውልደ ኬንያዊት ዳማሪስ ሙቴ ሙቱዋ፣ የ28 ዓመት ወጣት፣ ታንቃ ተገድላ ነበር። የኬንያ ፖሊስ በግድያው የጠረጠረው አብሯት ይኖር የነበረ ኢትዮጵያዊ ሯጭ መሆኑን አስታወቀ። ይህን የምንጽፈው አንገታችንን ደፍተን ነው። ገዳይ ሁልጊዜ የሌላ አገር ሰው፣ ሟች ሁልጊዜ የሌላ እናት ልጅ የምትሆን ከመሰለን ተሳስተናል።

ከዚያም ሁለት ዓመት ቆይቶ የዩጋንዳዋ ሬቤካ ቼፕቴጌ ተከተለች። ሬቤካ በፓሪስ ኦሊምፒክ በማራቶን አገሯን ወክላ ከሮጠች ገና ሦስት ሳምንት ነበር። ነሐሴ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. በምዕራብ ኬንያ በሚገኘው መኖሪያዋ የቀድሞ ወዳጇ ቤንዚን አርከፍክፎ በእሳት ለኮሳት። ነሐሴ 30 ቀን በኤልዶሬት ሆስፒታል አረፈች። እርሱም በዚያው እሳት ተቃጥሎ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተ። የ33 ዓመት ሴት፣ የሁለት ሴቶች ልጆች እናት ነበረች። ለጠባቸው መነሻ እንደሆነ የተነገረው በሩጫ ባገኘችው ገንዘብ ገዝታ ቤት የሠራችበት መሬት ነው።

በሩቅ አገር የቀረች የኛም ልጅ አለች። ዘነሽ ገዝሙ ከፍላጎቷ ውጭ የታሰበላትን ጋብቻ ሸሽታ ከኢትዮጵያ እንደወጣች የፈረንሳይ ጋዜጦች ጽፈዋል። በፓሪስ አካባቢ ቀን የጽዳት ሥራ እየሠራች፣ በተረፋት ሰዓት እየተለማመደች፣ የሴናር ማራቶንን ደጋግማ አሸነፈች። ኅዳር 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ከፓሪስ በስተምሥራቅ ባለችው ኑይሊ ሱር ማርን በምትኖርበት ቤት ተገድላ ተገኘች። 27 ዓመቷ ነበር። በግድያው ተጠርጥሮ የተያዘውም የአገሯ ልጅ ነበር።

አራቱን ሴቶች ያመሳሰላቸው ምንድን ነው? አገራቸው ይለያያል፤ ዕድሜያቸውም፣ ዝናቸውም እንዲሁ። አንዷ የዓለም ባለክብረ ወሰን ናት፤ ሌላዋ ወለል እየወለወለች የምትሮጥ ስደተኛ። አራቱም ግን የተገደሉት ወይም የተቃጠሉት በመኖሪያቸው ነው። በወንጀሉ የተጠረጠረውም ሰው ቤቷን የሚያውቅ፣ ደጇን አንኳኩቶ የሚከፈትለት እንጂ ከጫካ የወጣ ሽፍታ አልነበረም።

ይህም በሯጮች ላይ ብቻ የደረሰ ዕጣ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለአውሮፓውያኑ 2023 ባወጣው ግምት በዚያ ዓመት በዓለም 51 ሺህ 100 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች በባላቸው፣ በፍቅር ጓደኛቸው ወይም በቤተሰብ አባል ተገድለዋል። በየቀኑ 140 ማለት ነው። ከእነዚህም 21 ሺህ 700 የሚሆኑት አፍሪካውያን ናቸው።

ወጥመዱ እንዴት ይጠመዳል?

ከአግነስ ሞት በኋላ ቫዮላ ቼፕቶና ሌሎች ኬንያውያን ሯጮች «የቲሮፕ መላእክት» የሚል ማኅበር አቋቁመው ስለ ሴት አትሌቶች ሕይወት በአደባባይ መናገር ጀመሩ። የተናገሩት ነገር በአምቦም፣ በጊንጪም፣ በአዲስ አበባም የሚኖር እናት ሁሉ ቢሰማው የሚጠቅም ነው። አካሄዱ ይህን ይመስላል።

ልጅቷ ከድኻ ቤት የወጣች ናት። እግሯ ፈጣን ነው፤ ጫማ ግን የላትም፤ የቤት ኪራይ የምትከፍልበት የላትም። በዚህ ጊዜ በዕድሜ የሚበልጣት ሰው ይመጣል። አሠልጣኝ ነኝ ይላታል፤ ወይም አብሬሽ እየሮጥኩ ፍጥነት እጠብቅልሻለሁ ይላል። ጫማ ይገዛል። ቤት ይከራያል። ለወላጆቿም ስኳርና ቡና ይልካል። ወላጅ ይመርቀዋል። ልጅቷም ውለታው ይከብዳታልና ትዳሩን እምቢ ለማለት አንደበት አይኖራትም።

ከዚያ ልጅቷ ታሸንፋለች። ገንዘብ ይመጣል። ገንዘቡ የሚገባው በማን ስም ነው? ፓስፖርቱ የሚቀመጠው በማን ሣጥን ነው? ከውድድር አዘጋጅ ጋር የሚነጋገረው ማን ነው? መሬት ሲገዛ፣ ቤት ሲሠራ፣ ካርታው በማን ስም ይወጣል? ልጅቷ ጠዋትና ማታ ልምምድ ላይ ስለሆነች «እርሱ ያውቃል» ብላ ትተወዋለች። ሁለት ሦስት ዓመት ያልፋል። አንድ ቀን ለእናቷ ቤት ቆርቆሮ ልትገዛ፣ ለወንድሟ የትምህርት ክፍያ ልትልክ ስትል ገንዘቡ የለም። ስትጠይቅ ቁጣ ይነሣል። ስትደግም ዱላ ይመጣል። «እንግዲያው ልሂድ» ያለች ዕለት ደግሞ አደጋው ከመቼውም ይልቅ የበረታ ይሆናል፤ ምክንያቱም የምትሄደው ሚስት ብቻ ሳትሆን የገቢ ምንጭ ናት።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አሠልጣኝ ሁሉ፣ ባል ሁሉ እንዲህ ነው ለማለት አይደለም። ጥሩነሽ ዲባባና ስለሺ ስህን ሁለቱም ሯጮች ሆነው በአደባባይ የተከበረ ትዳር መሥርተዋል። ሚስቱን ለልምምድ ቀስቅሶ፣ ልጅ ይዞ ቤት የሚጠብቅ ባል በአገራችን አለ። ጥያቄው የሰውየው ፈገግታ አይደለም፤ ልጅቷ በገዛ ላቧ ላይ ያላት ሥልጣን ነው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» እያለ ያሳደገን ተረት ለሴት ሯጭ መርዝ ነው።

ይህን የምታነብ ሠራተኛ እኅትም ነገሩን ከሜዳሊያ ጋር ብቻ እንዳታያይዘው። የአምቦዋ መምህርት፣ የሆለታዋ ነርስ፣ የጊንጪዋ እህል ነጋዴ፣ የአዲስ አበባዋ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ደመወዟን ወይም ትርፏን ተቀብላ ለሌላ እጅ የምታስረክብ ከሆነ ታሪኩ ያው ነው። ልዩነቱ የአትሌቷ ስም በሬዲዮ መነገሩ ነው።

«ቻይው» ማለት ምን ያህል ያስከፍላል?

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ትዳር ከያዙ ወይም ይዘው ከነበሩ 100 ሴቶች 34ቱ በባላቸው ወይም በትዳር ጓደኛቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከዚህም የሚያሳዝነው ዝምታው ነው። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው 100 ሴቶች 66ቱ እርዳታ አልጠየቁም፤ ለአንድ ሰው እንኳ አልተነፈሱም።

ለምን ዝም አሉ? መልሱ በዚያው ጥናት ውስጥ አለ። ወጡ ቢያርር፣ ሳትናገር ብትወጣ፣ ብትመልስለት፣ ልጆቿን ችላ ብትል ወይም አልጋ ብትከለክለው፣ ከእነዚህ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ብለው የመለሱት ሴቶች ከ100 63 ነበሩ። ወንዶቹስ? ከ100 28። ዱላውን ከወንዶቹ ይልቅ እኛው ሴቶቹ ስንደግፈው ተገኝተናል ማለት ነው። በልጅነታችን የሰማነውን ለልጆቻችን አስተላለፍን። «ባል ነው፣ ቻይው።» «ገመናሽን ለሰው አታውጪ።» «ለልጆችሽ ስትዪ።» ይህን ቃል ለልጇ የምትነግር እናት ክፉ አይደለችም። ልጇ ትዳሯን እንዳታጣ አስባ ነው። ነገር ግን ትዳሩን ስታድን ልጇን እንዳታጣ ማሰብ ይኖርባታል።

በምዕራብ ሸዋ ጠብ ሲነሣ ጃርሱማ ይቀመጣል፤ ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው ያስታርቃሉ። ይህ የተከበረ ሥርዓት ነው። የድንበር ጠብ ያበርዳል፤ ደም ያደርቃል። ነገር ግን ሚስት ተደብድባ፣ በስለት ተዝታባት፣ «እገድልሻለሁ» ተብላ ስትመጣ፣ አንድ በግ ታርዶ፣ ጉልበት ተስሞ ወደዚያው ቤት የምትመለስ ከሆነ፣ ሽምግልናው የሞት ቀጠሮ ማራዘሚያ ይሆናል። ሽማግሌ የሚያስታርቀው ጠብን እንጂ ወንጀልን አለመሆኑን አባቶች ራሳቸው ሊያስተምሩን ይገባል።

ደግሞስ ባህላችን ሁሉ ዝም በይ ይላል ያለው ማን ነው? በኦሮሞ ባህል፣ በተለይም በአርሲ ጎልቶ በሚታወቀው ሥርዓት፣ ልጅ ስትዳር እናቷ ሲንቄ የተባለ ቀጭን በትር ትሰጣታለች። በትሩ የማዕረግ ምልክት ነው። ባል ሚስቱን አላግባብ የበደለ እንደሆነ ሚስት ሲንቄዋን ይዛ እልል እያለች ከቤት ትወጣለች። እልልታውን የሰሙ የአካባቢው ባለ ሲንቄ ሴቶች ሁሉ የያዙትን ሥራ ጥለው ይወጣሉ። ልጅ የምታጠባም ብትሆን አትቀርም። በዳዩ ጥፋቱን አምኖ እስኪክስ ድረስ ወደየቤታቸው አይመለሱም። እንግዲህ አያቶቻችን የሴትን መደብደብ የጓዳ ምሥጢር አላደረጉትም፤ የመንደር ጉዳይ አድርገውታል። ምሥጢር ነው ያልነው እኛ ነን። ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ያ በትር ትርጉሙ «ብትበደዪ ውጪ፤ ሰው አለሽ» ማለት ነው። «ቻይው» ከሚለው ምክር ይልቅ የቆየው ይህ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ እናቶች ሕግ የሚጠቅመው ለተማረ ሰው ብቻ ይመስላቸዋል። ጥቂት ነጥቦችን ማወቅ ግን ለማንም አይከብድም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ፣ እንዲሁም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት እንደማንኛውም አካል ጉዳት እንደሚያስቀጣ ደንግጓል። ስለዚህ «ባሌ ነው» ማለት ፖሊስ አያገባውም ማለት አይደለም። ስለ ጠለፋም በቀድሞው ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። ይህ ቀርቷል። በአንቀጽ 587 መሠረት ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት የሚቀጣ ሲሆን፣ ኋላ ጋብቻ ቢፈጸምም ከተጠያቂነት አይድንም። በማለዳ መንገድ ላይ ለምትሮጥ ልጅ ይህ አንቀጽ ጋሻ ነው። ዕድሜዋ ሳይደርስ መዳርም በአንቀጽ 648 ያስቀጣል።

የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል፤ ኦሮሚያም ከዚያ በኋላ የራሷን የቤተሰብ ሕግ አውጥታለች። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት በትዳር ውስጥ ባልም ሚስትም በሥራቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብት ነው። የጋራ የሆነ ቤትም ሆነ ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም፤ በመያዣም አይሰጥም። እያንዳንዳቸው ገቢያቸውን በራሳቸው ስም በባንክ ማስቀመጥ ይችላሉ። ሚስት በስሟ ሒሳብ መክፈቷ የትዳር ክህደት ሳይሆን ሕግ የፈቀደላት ነገር ነው።

የሕግ ምክር ለመጠየቅ አቅም ለሌላት ሴትም በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለብዙዎች በነፃ ጥብቅና ቆሟል። በየወረዳው ያሉ የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶችና በፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ክፍሎችም አቤቱታ ይቀበላሉ።

ሳይቃጠል በቅጠል

ወላጆችና ሠራተኛ እኅቶች ከነገ ጀምሮ ልታደርጉ የምትችሉት ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ልጃችሁ ለልምምድ ከቤት ርቃ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ የሚያሠለጥናትን ሰው በአካል እወቁ። ማን ነው? ከየትኛው ክለብ ነው? ስንት ሴቶች ልጆችን ያሠለጥናል? ለአንዷ ብቻ ጫማ የሚገዛ አሠልጣኝ ለምን እንደሚገዛ ይጠየቅ። ጫማውን ከቤተሰብ፣ ከዕቁብ ወይም ከዕድር ጓደኛ ተበድሮ መግዛት ከውለታ እሥራት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያውን የሽልማት ገንዘብ ሳታገኝ በፊት በስሟ የባንክ ሒሳብ ትክፈት። የምሥጢር ቁጥሩን ራሷ ብቻ ትወቀው። ፓስፖርቷና የትምህርት ማስረጃዋ በእጇ ይሁን። መሬት ወይም ቤት ሲገዛ ስሟ በካርታው ላይ መኖሩን እናት በዓይኗ ትይ፤ ማንበብ የማትችል ከሆነች የሚያነብላትን ይዛ ትሂድ።

ሦስተኛ፣ ምልክቶቹን እወቁ። ልጅቷ ስልኳን በራሷ ማንሣት ካቆመች፣ ሲደወልላት ከጎኗ የሚመልስ ሰው ካለ፣ ከጓደኞቿ ከተለየች፣ ቤተሰብ መጠየቅ ከተከለከለች፣ በሙቀት ረጅም እጅጌ ከለበሰች፣ «ወደቅሁ» የምትለው ነገር ከበዛ፣ አትጠብቁ። «እገድልሻለሁ» የሚል ቃል ደግሞ በንዴት የተነገረ ነው ተብሎ አይታለፍ። ለፖሊስ ይነገር፤ በጽሑፍ ይመዝገብ።

አራተኛ፣ ልትለየው የወሰነች ልጅ ዕቃዋን ለመውሰድ ብቻዋን አትመለስ። አባትና ወንድም፣ ጎረቤትና ፖሊስ አብረዋት ይሂዱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያሥራል።

አምስተኛ፣ ስለ ወንዶች ልጆቻችን እንነጋገር። ሚስቱን የሚገድል ሰውም በአንዲት እናት ቤት ያደገ ነው። እኅቱ ውኃ ስትቀዳ እርሱ ኳስ የሚጫወት፣ እኅቱን ሲመታት «ወንድ ነው» የተባለለት ልጅ፣ ነገ የሌላ እናት ልጅ ሲያገባ ምን እንደሚጠብቅ አስተምረነዋል። የምታሸንፍ ሴት የማታስፈራው ወንድ ማሳደግም የእናትና የአባት ሥራ ነው።

ክለቦችና የአትሌቲክስ ባለሥልጣኖችም ድርሻ አላቸው። ልጃገረዶች በሚሠለጥኑበት ቦታ ሁሉ አቤት የሚሉባት አንዲት ሴት ኃላፊ ብትኖር፣ ስለ ገንዘብ አያያዝና ስለ ሕግ ቢማሩ፣ ወጪው ከአንድ የውጭ አገር ጉዞ አይበልጥም።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ለልጃችን በቃል እንንገራት። ይህን ቃል የሠርጓ ዕለት ትስማው፤ ወደ ልምምድ ቦታ ስትሸኝም ትስማው። «ይህ ቤት ቤትሽ ነው። ሜዳሊያ ይዘሽ ብትመጪም፣ ባዶ እጅሽን በሌሊት ብትመጪም በሩ ይከፈትልሻል። ለምን መጣሽ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም።» ወላጅ ይህን አስቀድሞ ካልተናገረ ልጅቱ ልታውቀው አትችልም። የጎረቤት ሐሜት ለጥቂት ወራት ያማል፤ ያልፋልም።

በሚቀጥለው እሑድ ከልምምድ ቦታዋ ስትደውል ስንተኛ ወጣሽ ብለን እንጠይቃታለን፤ ልማዳችን ነውና። ከዚያ አስቀድሞ ግን ሌላ ሁለት ጥያቄ ይቅደም። የባንክ ደብተርሽን የያዘው ማን ነው? ማታ በር ሲዘጋስ ደኅና ነሽ? ከመለሰችልን በኋላ ስልኩን ቶሎ አንዝጋው። ድምፅዋን እናዳምጥ።